መንግሥት ከሰው መኝታ ቤት ምን አገባው?

«በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ሚስት አግብተው ያውቃሉ?»

ጠበቃዋ ጥያቄውን ያነበበችው ሳቋን ዋጥ አድርጋ ነው። ፊት ለፊቷ የተቀመጡት አዛውንት ግን አልሳቁም። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ አዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያለች አስተምረዋታል። ዛሬ ደግሞ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ቢሮዋ ቁጭ ብለው ኤን-400 የሚባለውን የአሜሪካ ዜግነት ማመልከቻ አብረው እየሞሉ ነው።

«ቀጥዪ።»

«በሴተኛ አዳሪነት ተሰማርተው ያውቃሉ ወይ ይላል።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «በዚህ ዕድሜዬ? ለመሆኑ መንግሥት ከሰው መኝታ ቤት ምን አገባው?»

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ተርፎ የቀረው ነው። የተሰረዘውን ቢያዩት ምን ሊሉ ነው?»

ቅጹ ወደ ጎን ተገፋ፤ ጨዋታው ከዚያ ተነሣ። (የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መምህሩ ነገርን ከሥሩ መጀመር ይወዳሉ። አሜሪካ የመጀመሪያውን የዜግነት ሕግ ያወጣችው በ1790 መሆኑን፣ ሕጉም ዜግነትን ለነጻ ነጭ ሰው፣ ያውም መልካም ጠባይ ላለው ብቻ መፍቀዱን አነሡ። ነጭነቱ ብዙ ደም ፈስሶበትና ብዙ ዘመን ፈጅቶ ተሰረዘ። መልካም ጠባዩ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ይጠየቃል።

«መልካም ጠባይ ደግሞ እንደ ጠያቂው ነው» አሉ።

«መጀመሪያ የተጠየቀችውም ሴት ናት» አለች ጠበቃዋ። በ1875 የወጣውን የፔጅ ሕግ ማለቷ ነው። ፌዴራል መንግሥቱ ከውጭ የሚገባውን ሰው መርጦ መመለስ የጀመረበት ሕግ ሲሆን፣ በተግባር የከበደው በቻይና ሴቶች ላይ ነበር። ለሴተኛ አዳሪነት ነው የምትሄጂው ተብላ የተጠረጠረች ሴት ገና ሆንግ ኮንግ ወደብ ላይ ሳለች በአሜሪካ ቆንስላ ትመረመራለች፤ ጨዋነቷን የማስረዳት ዕዳውም የራሷ ነው። ለባቡር ሐዲድና ለማዕድን ሥራ አስቀድመው የሄዱት ቻይናውያን ወንዶች ብዙዎቹ ትዳር ሳይመሠርቱ የቀሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

«የ1907ቱን እንኳ አውቀዋለሁ» አሉ መምህሩ። «አሜሪካዊት ሴት የውጭ አገር ሰው ካገባች ዜግነቷ ይገፈፋል።»

«ወንዱስ?»

«ወንዱማ ማንንም ቢያገባ ማን ይነካዋል!»

ካሊፎርኒያ ውስጥ ኤቴል ማኬንዚ የተባለች ሴት ለሴቶች የምርጫ መብት ስትታገል ኖራ፣ መብቱ ሲገኝ ለመመዝገብ ሳን ፍራንሲስኮ ብትሄድ ባልሽ የእንግሊዝ ተገዢ ስለሆነ አንቺም ዜጋ አይደለሽም ተባለች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1915 አጸናባት። ሕጉ መላላት የጀመረው በ1922 ነው።

ጠበቃዋ ግን ልትደርስበት የፈለገችው ጉዳይ ከዚህ የቀረበ ነው። ከመደርደሪያው አንድ ማኅደር አውርዳ ስሙን ሦስት ጊዜ እንዲያነቡት አደረገቻቸው፤ ክላይቭ ማይክል ቡቲሊየር።

ቡቲሊየር ካናዳዊ ነው። አሜሪካ የገባው በ1955፣ በ21 ዓመቱ ነበር። እናቱ፣ እንጀራ አባቱና ከወንድም እህቶቹ ሦስቱ አብረውት እዚያው ይኖሩ ነበር። ኒው ዮርክ ውስጥ በሕንፃ ጥገና ይሠራል። በ1963 ዜግነት ሲጠይቅ፣ በ1959 ከወንድ ጋር ግንኙነት ፈጽመሃል ተብሎ ታስሮ እንደነበርና ክሱም እንደተነሣለት ራሱ አሳወቀ። ኢሚግሬሽን ጠርቶ ዘርዝር አለው፤ ዘረዘረ። ከልጅነቱ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ጽፎ ፈረመበት።

በ1952 የወጣው የማካራን-ዋልተር ሕግ «ሳይኮፓቲክ ፐርሰናሊቲ» ያለበት ሰው አገር እንዳይገባ ይከለክላል። የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን ግን በስም አይጠራም። የመንግሥት ሐኪሞች የቡቲሊየርን የጽሑፍ ቃል አንብበው ይኼ ሰው አገር ሲገባም በዚያ ሕመም የተያዘ ነበር የሚል የምስክር ወረቀት ሰጡ። እሱ ያማከራቸው የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር የለበትም ብለው ጻፉ። ሜይ 1967 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ይባረር አለ። ዳኛ ቶም ክላርክ በጻፉት ውሳኔ መሠረት፣ ሕግ አውጪው ምክር ቤት «ሳይኮፓቲክ ፐርሰናሊቲ» የሚለውን ቃል ያስገባው እንደ ሕክምና ሳይሆን እነዚህን ሰዎች ከበር ለመመለስ ነው።

መምህሩ ማኅደሩን መልሰው አስቀመጡት። «ቆይ እንጂ። መጀመሪያ ሐኪም ጻፈበት። ቀጥሎ ሐኪሞች ሲከራከሩለት ጊዜ ጉዳዩ የሕክምና አይደለም ተባለ?»

«እንደዚያ ነው።»

«ይኼማ የተመቸውን ሚዛን እያነሣ የሚመዝን ዳኛ ነው።»

ቡቲሊየር ከአገር ሳይወጣ መኪና ገጨው፤ አንጎሉ ላይ ጉዳት ደረሰ። በ1968 ካናዳ ተመለሰ፤ ያለ ሰው እርዳታ መኖር ተስኖት ቆይቶ በ2003 አረፈ። ፍርዱ በተሰጠ በወሩ ውስጥ፣ ጁን 12 ቀን 1967፣ ያው ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ እንዳይጋቡ የሚከለክለውን የቨርጂኒያ ሕግ በሙሉ ድምፅ ሽሯል። የታሪክ መጻሕፍት ይኼኛውን በትልቁ ይጽፋሉ፤ ያኛውን ይዘሉታል።

አዛውንቱ ጥቂት ዝም ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስሚ የኔ ልጅ፤ አልሸፋፍንልሽም። እኔ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ፤ በዚህ ነገር ላይ ያለኝን እምነት ታውቂዋለሽ። ደግሞም አገር በር አለው። ማን ይግባ፣ ማን ይመለስ ማለት የባለቤቱ ፋንታ ነው።»

«እምነትዎን አልነካሁም ጋሼ። በሩ የባለቤቱ ነው ያሉትንም ፍርድ ቤቱ ብሎታል። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ሰውዬው ቢዋሽ ኖሮ ዜጋ ሆኖ ይሞት ነበር። መልካም ጠባይ ይኑርህ የሚል ሕግ እውነቱን የተናገረውን ቀጣ።»

«የዋሸውስ ቀርቶለታል?»

ጥያቄው ሹል ነበር፤ መልሱም አልቀረለትም የሚል ነው። ፍራንክ ካመኒ በ1943 ወታደር ሲሆን ለወንድ ፍላጎት እንዳለው ተጠይቆ የለኝም አለ። አውሮፓ ዘምቶ ከናዚ ጋር ተዋጋ። በ1956 ከሃርቫርድ በሥነ ፈለክ የዶክተርነት ማዕረጉን ያዘ፤ በዓመቱ የጦሩ የካርታ ሥራ አገልግሎት ቀጠረው። ሶቭየቶች ስፑትኒክን ያመጠቁበት፣ ሰማይ የሚያነብ ሰው እንደ ወርቅ የሚፈለግበት ዓመት ነበር። መርማሪዎች ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አንድ ጊዜ መያዙን ደርሰውበት 1957 ሳያልቅ አባረሩት። ጉዳዩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አድርሶ በ1961 አናይም ተባለ።

«ይኼ የማካርቲ ዘመን ነው» አሉ መምህሩ። «ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ። መጽሐፉ ላይ ያለው ግን ኮሚኒስት አደኑ ብቻ ነው።»

«ሁለቱ አብረው ነው የሄዱት።»

እውነት ነው። ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ኮሚኒስት ሞልቶበታል ያሉበትን ስመ ጥፉ ንግግር ያደረጉት ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1950 ነው። ወሩ ሳያልቅ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ባለሥልጣን ጆን ፒዩሪፎይ በሴኔት ፊት ቀርበው በመሥሪያ ቤቱ ኮሚኒስት ስለመኖሩ ሲጠየቁ፣ ከሥራ የወጡ 91 የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች እንዳሉ ተናገሩ። ጋዜጦች የያዙት ሁለተኛውን ነው። የሴኔቱ ኮሚቴ በዓመቱ መጨረሻ ባወጣው ሪፖርት እነዚህ ሰዎች ምስጢርህን አወጣለሁ ብሎ ለሚያስፈራራ የውጭ ሰላይ የተጋለጡ ናቸው አለ። ማስረጃ ሲፈልግ ያገኘው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የነበረ አንድ የኦስትሪያ ኮሎኔል ነው፤ ከአሜሪካ አንድም አልጠራም። ሆኖም ፕሬዝዳንት አይዘንሃወር ኤፕሪል 1953 በፈረሙት 10450ኛው ትእዛዝ «የፆታ ብልግና» ከፌዴራል ሥራ የሚያስባርር ምክንያት ሆነ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እንጀራቸውን አጡ። ብዙዎቹ ቀስ ብለው መልቀቂያ አስገብተው ስለሄዱ ቁጥራቸውን በትክክል የሚያውቅ የለም።

«ግን የማስፈራራቱ ነገር ሐሰት ነው ልትዪኝ ነው? ምስጢር ያለውን ሰው እኮ ጠላት ይጫወትበታል።»

«ይጫወትበታል። የተጫወቱበት ግን ሩሲያውያን አይደሉም።»

ሌስተር ሀንት የዋዮሚንግ ዴሞክራት ሴናተር ነበሩ። በ1953 ልጃቸው ዋሽንግተን ውስጥ ከሲቪል ለባሽ ፖሊስ ጋር በተነጋገረው ነገር ተያዘ። ሁለት ሪፐብሊካን ሴናተሮች፣ ስታይልስ ብሪጅስና ኸርማን ዌልከር፣ ወንበርህን ካልተውክ ጉዳዩ አደባባይ ይወጣል የሚል መልእክት ላኩባቸው። ሁለቱ ፓርቲዎች ሴኔቱን በአንድና በሁለት ወንበር ልዩነት የተካፈሉበት ጊዜ ስለነበር አንድ ወንበር ብዙ ያወጣል። ሀንት ጁን 1954 አልወዳደርም አሉ። ጁን 19 ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከቤታቸው ጠመንጃ ይዘው ሴኔት ካለው ቢሯቸው ገቡና ራሳቸውን ገደሉ። ሪፖርቱ ሲያስፈራራበት የነበረው ሰላይ አልመጣም፤ ሥራውን የአገሩ ሕግ አውጪዎች ሠሩት።

መምህሩ ይኼን ታሪክ አያውቁትም ነበር። ለረጅም ጊዜ መስኮቱን ሲያዩ ቆዩ።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ። «በነሱ ላይ የተሠራው ግፍ ነው እንበል። ግን ለኔ ለምን ትነግሪኛለሽ? እኛ ስደተኞች የራሳችን አበሳ ሞልቶናል።»

«አበሳዎ የሚጀምረው ከዚሁ ስለሆነ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሰማያዊ ወረቀት የሚባል ስንብት ነበር።»

ወረቀቱ በእርግጥም ሰማያዊ ነው። ጦሩ ፍርድ ቤት ሳያቀርብ ሊያስወግደው የፈለገውን ወታደር በዚያ ያሰናብተዋል። የክብር ስንብት አይደለም፤ የውርደትም አይደለም። በ1944 የወጣው የወታደሮች መብት ሕግ ለተመላሹ የኮሌጅ ክፍያ፣ የቤት መሥሪያ ብድርና የሥራ አጥ አበል ሰጠ፤ የአሜሪካ መካከለኛ መደብም በዚህ ገንዘብ ሰፋ። የወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ግን በ1945 ባወጣው መመሪያ በተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ሰማያዊ ወረቀት የተሰጠው ሰው ከጥቅሙ ምንም አያገኝም አለ። አሠሪም ወረቀቱን አይቶ ፊቱን ያዞራል። ደርዘን ጊዜ ሥራ ቢያመለክት ደርዘን ጊዜ ያቺኑ ወረቀት ያሳያል።

«ከ1941 መጨረሻ እስከ 1945 አጋማሽ» አለች ጠበቃዋ፣ «48,603 ሰዎች ሰማያዊ ወረቀት ወሰዱ። ከነዚህ 10,806ቱ ጥቁሮች ናቸው። ከመቶ 22 መሆኑ ነው። በጦሩ ውስጥ ግን ጥቁሮች ከመቶ 7 እንኳ አይሞሉም ነበር።»

«ሁሉም የተባረሩት በዚያ ጉዳይ ነው?»

«የለም! ነገሩም እሱ ነው። ነጭ አዛዥ ቀና ብሎ የሚያየውን ጥቁር ወታደር ማስወገድ ሲፈልግ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ፍርድ ቤት የለ፣ ምስክር የለ።»

የጥቁሮቹ ጋዜጣ ፒትስበርግ ኩሪየር ይኼን ጉዳይ ይዞ ጮኸ። ወረቀቱ በ1947 ቀረ፤ ስሙ ተለውጦ በሌላ ተተካ እንጂ አሠራሩ በአንድ ጊዜ አልጠፋም።

ቡና መጣ። መምህሩ ስኳር የሌለውን ሲኒ ለይተው እያነሡ ነበር ጠበቃዋ የሚቀጥለውን የጠየቀችው። «ልጅዎ አሜሪካ የመጣችው በዲቪ ነው አይደል?»

«በዲቪ ነው። እግዜር ይስጠው።»

«ዲቪን ያመጣው ሕግ ሌላ ምን እንዳደረገ ያውቃሉ?»

አንድ ሕግ ነው። ፕሬዝዳንት ጆርጅ ቡሽ፣ አባትየው፣ ኖቬምበር 29 ቀን 1990 የፈረሙት የኢሚግሬሽን ሕግ በአንድ በኩል ዕጣውን ፈጠረ፤ በዓመት 55,000 ቪዛ፣ ከ1995 የበጀት ዓመት ጀምሮ። በሌላ በኩል ቡቲሊየርን ያባረረውን ክልከላ አነሣ። አዲስ አበባ ፖስታ ቤት በር ላይ ተሰልፎ ፎቶና ፎርም ሲያስገባ የኖረው ሕዝብ ይኼን ሁለተኛውን ክፍል የሰማ አይመስልም። ዕጣውም ቢሆን ለኢትዮጵያዊ ታስቦ የወጣ አልነበረም። ሐሳቡን የገፉት ፖለቲከኞች ዓይናቸው የነበረው በአይሪሾች ላይ ነው፤ ከዲቪ በፊት በነበሩት ሦስት የመሸጋገሪያ ዓመታት ከቪዛው ቢያንስ 40 በመቶው በሕጉ መሠረት ለአየርላንድ ተወላጆች ተመድቦ ነበር። አየርላንድ ስትበለጽግ በሩ ክፍት ቀረና እኛ ገባንበት።

«ለሌላ በተሠራ በር ገባን ማለትሽ ነው።»

«ለሌላ በተሠራ መዝጊያም ተመትተናል። ሜዲካሉ ትዝ ይልዎታል?»

ያንን ማን ይረሳል። ዲቪ የደረሰው ሰው ከኢንተርቪው በፊት ኤምባሲው ወደ ወከለው ሐኪም ይሄዳል፤ ክንዱን ይሰጣል፤ ደሙ ይቀዳል። ስንቱ ከቃለ መጠይቁ ይልቅ ያችን መርፌ ፈርቷል! ለብዙ ሰው በሕይወቱ የመጀመሪያው የኤች አይ ቪ ምርመራ ነበር። ውጤቱ ቫይረሱ አለብህ ካለ ጉዞው ቀረ። አሜሪካ ውስጥ ባል፣ ሚስት፣ ወላጅ ወይም ልጅ ያለው ሰው ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ይችል ነበር፤ ዕጣ ብቻ የደረሰው ሰው ግን ማን አለው? ሰፈሩ ደግሞ ሸኝቶት፣ ቤተሰቡ ዕቃ ሸጦ ትኬት ቆርጦለት ነበርና፣ ለምን ቀረህ ሲባል የሚመልሰው ይጠፋዋል።

ክልከላው የመጣው በ1987፣ በተለይ በሰሜን ካሮላይናው ሴናተር ጄሲ ሄልምስ ግፊት ነው። ሄልምስ ኤድስን የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች በራሳቸው ያመጡት ጣጣ አድርገው ይናገሩ የነበሩ ሰው ናቸው። የ1990ው ሕግ ለጤና ባለሥልጣኖች በሽታዎቹን እንዲመርጡ ዕድል ሰጥቶ፣ እነሱም በ1991 መጀመሪያ ኤች አይ ቪን ከዝርዝሩ እናውጣ ብለው ነበር። ተቃውሞ በረታ። በ1993 ምክር ቤቱ ክልከላውን በሕግ ጻፈው፤ ፕሬዝዳንት ክሊንተን ፈረሙበት። በዚያው ሰሞን ከ200 በላይ ሄይቲያውያን ስደተኞች፣ ጥገኝነት ለመጠየቅ በቂ ምክንያት አላችሁ ተብለው ሳለ፣ ቫይረሱ ስላለባቸው ብቻ ጓንታናሞ በሽቦ አጥር ውስጥ ታስረው ነበር። ዳኛ ስተርሊንግ ጆንሰን በጁን 1993 እንዲፈቱ አዘዙ።

«እንግዲህ ይመልከቱት» አለች ጠበቃዋ። «ሕጉ ሲጮህበት የነበረው የሳን ፍራንሲስኮና የኒው ዮርክ ወንድ ነው። ደሟ ተቀድቶ የተመለሰችው ግን ባሏን አምና ያገባች የመርካቶ ሴት ናት።»

መምህሩ አሁን አልተከራከሩም። ነገሩን ይበልጥ የሚያከብደው ደግሞ ሌላ ነው። ከ2003 ወዲህ ፔፕፋር በሚባለው የአሜሪካ ፕሮግራም ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በብዛት ካገኙት 15 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። የአሜሪካ ሕዝብ ገንዘብ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ሲያድን፣ የዳነው ሰው ቪዛ ሲጠይቅ በዚያው ሕመም ይመለስ ነበር። ትንሹ ቡሽ በ2008 ሕጉን አነሡ፤ ደንቡ ደግሞ ከጃንዋሪ 4 ቀን 2010 ጀምሮ ቀረ። ኤች አይ ቪ ያለበት ተመራማሪ ሊገባበት በማይችል አገር አንሰበሰብም በሚል ለ20 ዓመት ያህል ከአሜሪካ ርቆ የነበረው ዓለም አቀፍ የኤድስ ጉባኤም በ2012 ዋሽንግተን ተመለሰ።

«እኔ አሁንም እምነቴ እምነቴ ነው» አሉ መምህሩ።

«ይሁን። እኔም እንዲቀይሩ አልጠየቅሁም።»

«ግን ያ ካመኒ ያልሽው ምን ሆነ?»

ሥራው አልተመለሰለትም። ኤፕሪል 17 ቀን 1965 ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ዋይት ሐውስ ፊት መፈክር ይዞ ወጣ። ወንዶቹ ኮትና ክራቫት፣ ሴቶቹ ቀሚስ እንዲለብሱ አዝዞ ነበር፤ ሥራ የሚጠይቅ ሰው ሥራ የሚገባው መምሰል አለበት ይል ነበር። የሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽኑ ክልከላውን በ1975 አነሣ። በ2009 የፌዴራል ሠራተኞች አስተዳደር ኃላፊ ጆን ቤሪ በመንግሥት ስም ይቅርታ የሚጠይቅ ደብዳቤ ሰጡት፤ ቤሪ ራሳቸው ወንድ የሚያፈቅሩ ነበሩ፤ በካመኒ ጊዜ ቢሆን ያንን ወንበር አያዩትም ነበር። ካመኒ ይቅርታውን ተቀብሏል፤ በ2011 ሞተ። ዋሽንግተን ውስጥ በ17ኛው መንገድ ላይ ስሙ የተጻፈበት ታፔላ አለ። በዚያ መንገድ ታክሲ የሚነዱ ስንት አበሾች አልፈውበታል!

የሪቻርድ አዳምስና የአውስትራሊያዊው አንቶኒ ሱሊቫን ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይረዝማል። ኤፕሪል 1975 ኮሎራዶ፣ ቦልደር ውስጥ አንዲት የመዝገብ ሹም የጋብቻ ፈቃድ ሰጠቻቸው፤ ተጋቡ። አዳምስ ለባለቤቱ ግሪን ካርድ ሲጠይቅ ኢሚግሬሽን የመለሰው ደብዳቤ በሁለት እንዲህ ያሉ ሰዎች መካከል እውነተኛ ትዳር ሊኖር አይችልም የሚል ነው፤ «እንዲህ ያሉ» በሚለው ቦታ የተጻፈው ግን ለአንባቢ የማይነገር ስድብ ነው፤ በመንግሥት ወረቀት፣ በመንግሥት ማኅተም። አዳምስ በ2012 ሞተ። ሱሊቫን በባልነቱ ግሪን ካርዱን ያገኘው በ2016 ነው፤ ከሠርጉ 41 ዓመት በኋላ።

«ሕጉ ግን ተቀየረ አይደል?» አሉ መምህሩ። «አሁን አልቋል።»

ጠበቃዋ ራሷን ነቀነቀች። እርግጥ ነው፣ በ1994 ፍትሕ ሚኒስትሯ ጃኔት ሪኖ የአንድን ኩባዊ ጉዳይ መመሪያ አድርገው ካወጁ ወዲህ ቡቲሊየርን ያስባረረው ዓይነት የእምነት ቃል ዛሬ ጥገኝነት ሊያሰጥ ይችላል። በ2015 የጋብቻው ጥያቄ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተፈታ። በሌላ በኩል ፕሬዝዳንት ትራምፕ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025፣ ሥልጣን በያዙበት ዕለት፣ በፈረሙት ትእዛዝ ፓስፖርት ላይ የሚጻፈው ጾታ ሰው ሲወለድ የተመዘገበለት ብቻ እንዲሆን አዝዘዋል። ወረቀቱ ተለወጠ እንጂ ጠያቂው ከጠረጴዛው አልተነሣም።

«የቡቲሊየር ፍርድስ? መቼ ነው የተሻረው?»

«አልተሻረም።»

በ1990 የተለወጠው ምክር ቤቱ ያወጣው ሕግ ብቻ ነው። ምክር ቤቱ የፈለገውን ዓይነት ሰው ከበር የመመለስ ሙሉ ሥልጣን አለው የሚለው የ1967ቱ ውሳኔ ዛሬም ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ላይ እንዳለ ነው።